ጥፋቱ የኛ ነው

እስከዳር ሃብተ ጊዮርጊስ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመረጠችው ርዕስ ሲያነቡት ትንፋሽ ያስጨርሳል፤ «በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ወረዳዎች የሚካሄዱ የመንግሥት ግንባታዎች ዕቅድና አመራር፤ የመዘግየታቸው ምክንያትና መፍትሔው» ይላል። ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ከዳባት እስከ ደባርቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ ብረቱ ሰማይ እያየ የቀረ ዓምድ፣ ጣራ ያልለበሰ ትምህርት ቤት፣ አጥሩ ብቻ ያለቀ ጤና ኬላ ሞልቷል። እሷ መሐንዲስ ናት፤ የዳባት ልጅም ናት። በዚህ አገር የተጀመረ ነገር ለምን እንደማያልቅ ማወቅ የሚገባው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ ብላ ታስብ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ይመስለኛል።

ካጠናቻቸው ግንባታዎች ሁሉ ልቧን የያዘው የግራር አምባ ድልድይ ነው። ግራር አምባ ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ የሚገኝ የገብስና የበግ አገር ነው። መንደሩን ከመኪናው መንገድ የሚለየው ሰዉ እብድ ውሃ የሚለው ወንዝ ነው። በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች፤ ክረምት ሲገባ በሬ ይወስዳል። ድልድዩ ከተጀመረ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ከወዲህና ከወዲያ ግንብ ቆሟል፣ መሃሉ ግን ባዶ ነው። በዞኑ ዕቅድ ላይ «በዚህ በጋ ይጠናቀቃል» ተብሎ በየዓመቱ ይጻፋል፤ ያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ሳይዘገይ የሚደርሰው።

እስከዳር ጥምቀት ባለፈ ሰሞን መጠይቋን ይዛ ግራር አምባ ወረደች። ጥያቄዎቹ ብዙ ነበሩ፤ የሁሉም መድረሻ ግን አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ለድልድዩ መዘግየት ጥፋቱ የማን ነው?» ከሥሩ አራት ሳጥን አለ፤ የተቋራጩ፣ የአማካሪው፣ የመሥሪያ ቤቱ፣ የኅብረተሰቡ። ከአራቱ በአንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቄስ መልከ ጼዴቅ ነበር። የሩፋኤል አስተዳዳሪ ናቸው፤ በመንደሩ የእሳቸው ቃል ሳይሰማ ሰው ልጁን አይድርም፣ በሬውን አይሸጥም። መስቀል ተሳልማ የማን ልጅ እንደሆነች ስትነግራቸው ከመደባቸው ብድግ አሉ።

«የዳባቱ መሪጌታ? የየኔታ ልጅ? እኔንኮ ቅኔ ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በይ ተቀመጪ፣ ቤትሽ ነው።»

ጠላ ቀረበ፣ ቆሎ ቀረበ፣ የየኔታ ጤንነት ተጠየቀ። እስከዳር ግን ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነበር፤ ገና ብዙ ቤት ይቀራታል። ወረቀቷን ዘረጋች።

«አባ፣ ለድልድዩ መዘግየት ጥፋቱ የማን ነው ይላሉ?»

ቄሱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ጥፋቱ የኛ ነው፣ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው።

እስከዳር «የኅብረተሰቡ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ቀና ስትል ቄሱ ዓይን ዓይኗን እያዩ ዝም ብለዋል። ዝምታው ረዘም አለ። አንድ ነገር እንደሚጠብቁ ገብቷታል፤ የሚጠብቁት ግን ጥያቄው እስኪያልቅ መሰላት። «አመሰግናለሁ፣ አባ» አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች። ቄሱም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለጠየቀቻቸው ሁሉ መልሳቸው እያጠረ ሄደ፤ እሷም ሽማግሌው ደከሙ ብላ ቶሎ ቶሎ ጨረሰች።

በሌላውም ቤት ያው ሆነ። ፀጋው የሚባለው ገበሬ የገብስ ነዶ እየቆለለ «ጥፋትማ የኛ ነው እንጂ የማን ይሆናል» አላትና መንሹን ተደግፎ ጠበቃት። እሷ ጻፈች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። ሌላዋ ሴትዮ ጠላ ልትደግማት እየቀዳች ያንኑ አለች፣ ያንኑ ዝምታ ዝም አለች። እስከዳር እንዲህ የሚቀል ጥናት አይታ አታውቅም ነበር። አንድም ሰው አላጉረመረመም፣ አንድም ሰው መንግሥትን አላማም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኸው ነው።

የመጨረሻው ቤት የወይዘሮ በለጠች ነበር። በለጠች ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተቆርጣ፣ ደጃፏ ላይ ስንዴ ትለቅም ነበር። እንግዳ ስታይ ተነሳች፤ ነገር ግን እንደሌሎቹ «ግቢ፣ ጠጪ» አላበዛችም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«የኅብረተሰቡ ማለትዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የኔ» የሚል ሳጥን የለም። እስከዳር «የኅብረተሰቡ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። «የጋብቻ ሁኔታ» በሚለው ደግሞ ጥቁሩን አይታ «ባል የሞተባት» ልትል ስትል ባልየው ጭድ ተሸክሞ ከጓሮ ብቅ አለ፤ እሷም ፈጠን ብላ «ያገባች» የሚለው ላይ አደረገች። ታዲያ ጥቁሩ ለማን ነው ብላ አልጠየቀችም። በለጠችም እንደ ሌሎቹ ጠበቀቻት፣ ከሌሎቹም ይልቅ ብዙ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ወደ ስንዴዋ ተመለሰች።

ሲመሽባት ወንዙን ተሻግራ ወደ መኪናው ስትወጣ ከዳር የተጠረበ ድንጋይ እንደ ቤት ተከምሮ አየች። በመሃሉ ሣር በቅሎበታል። የመመረቂያ ጽሑፏ ሽፋን ላይ ያምራል ብላ ፎቶ አነሳችው። ማን እንደከመረው መጠይቁ አልጠየቀም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ውጤቱ ሲደመር ከመቶ ዘጠና የሚጠጋው ሰው ጥፋቱን የኅብረተሰቡ ብሎ ተገኘ። ጎንደር ያለው አማካሪዋ መምህር ወረቀቱን እያገላበጠ «እንዲህ ያለ ግልጽ ውጤት አጋጥሞኝ አያውቅም» አላት። «ሕዝቡ ራሱ ያመነውን ማን ይክደዋል?» እስከዳርም «የኅብረተሰብ ተሳትፎና የባለቤትነት ስሜት ማነስ» የሚል መደምደሚያ ጻፈች፤ ደስ እያላት ጻፈችው። ዞኑም ወሬውን ሰማ። የትኛው ድልድይ እንደሚቀጥል፣ የትኛው እንደሚታጠፍ ለመወሰን ደባርቅ ላይ ስብሰባ ጠርቶ ነበርና ጥናቷን እንድታቀርብ ጋበዛት።

በስብሰባው ዋዜማ ከጎንደር ስትመጣ ዳባት አባቷ ቤት ወረደች። መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ተማሪዎቻቸውን ሸኝተው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጎረቤታቸው ክንዴ አንገቱን አቀርቅሮ መጣ። ሁለቱም የሆነውን ያውቃሉ፤ የክንዴ በሬ አጥር ጥሶ ገብቶ የመሪጌታን ድርቆሽ ግማሹን በልቶ ግማሹን ረጋግጦታል። ላማቸው ክረምት እስኪገባ የምትቆየው በዚያ ድርቆሽ ነበር።

ክንዴ አፉን ሳይከፍት መሪጌታ ቀደሙት። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ክንዴ። አጥሬን አላጠበቅሁም።»

«የለም፣ ጥፋቱስ የኔ ነው፣ የኔታ» አለ ክንዴ። «በሬው ገመድ እንደሚበጥስ እያወቅሁ ባረጀ ገመድ አስሬው።»

«እንግዲያው ተቀመጥና እንነጋገር።»

ተቀመጡ። ክንዴ ገመዱ መቼ እንዳረጀ፣ ለምን እንዳልለወጠው ተናገረ። መሪጌታም አጥሩ በየት በኩል እንደላላ አሳዩት። ድርቆሹን ክንዴ ሊተካ፣ አጥሩን አብረው ሊያጥሩ ተስማሙና ሰውየው ጠላውን ጠጥቶ፣ ቀና ብሎ ወጣ። ሲመጣና ሲሄድ ሁለት ሰው ይመስል ነበር።

እስከዳር ግን ሻንጣዋን እንደያዘች በረንዳው ላይ ቆማ ቀረች።

«አባባ፣ ጥፋቱ የሱ እንደሆነ እያወቅህ ለምን የኔ ነው አልክ?»

መሪጌታ ሳቁ። «ይኼንን ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም? ሰው ደጁ የመጣን ሰው ጥፋተኛ ነህ ብሎ ይቀበለዋል እንዴ? መጀመሪያ በራስህ ትጀምራለህ። ያኛውም የለም የኔ ነው ይላል። ያኔ የሁለታችሁም ፊት ዳነ ማለት ነው፤ እውነቱ ከዚያ በኋላ ይወጣል። ጥፋቱ የኔ ነው ማለትኮ በር መክፈቻ ነው፣ መልስ አይደለም።»

«ያኛው የለም ባይልስ? ዝም ቢልስ?»

«ማን ዝም ይላል?» መሪጌታ እንዲህ ያለውን ሰው በዓይነ ኅሊናቸው ፈልገው ያጡት መሰሉ። «ዝም ካለማ ጥፋቱን አሸክሞህ ሄደ ማለት ነው። አንተም ተሸክመህ ትገባለህ፤ ምን ይደረጋል፣ ፈራጁ እግዚአብሔር ነው። ግን እንዲህ ያለ ሰው በኛ አገር አልሰማሁም። ምነው? ፊትሽ ተለዋወጠ።»

«ምንም። መንገዱ አድክሞኝ ነው።»

ምንም አልነበረም ወይ? ጆሮ ግንዷ ጋለ። የቄስ መልከ ጼዴቅ ዝምታ፣ የፀጋው መንሽ ተደግፎ መቆም፣ የበለጠች ዓይን አንድ በአንድ መጣባት። ሁሉም በራቸውን ከፍተው ጠብቀዋት ነበር። አንዲት ቃል ነበር የጠበቁት፣ እሷ ደግሞ ጽፋ «አመሰግናለሁ» ብላ ሄደች። ቋንቋውን የማያውቅ ፈረንጅ ቢሆን ይቅር ይባላል። እሷ ግን ይህን ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። እናቷ በሕይወት ሳለች ማሰሮ ከሰበረችባት ጎረቤት ጋር ስትባባለው ሰምታለች፤ ራሷም ልጅ ሆና ከእኩዮቿ ጋር ብላዋለች። ወረቀት ስትይዝ ነው የጠፋባት። አባቷ ይህን ቢያውቁ ምን እንደሚሉ ስታስብ ራቷን ሳትጨርስ ተነሳች። ልትነግራቸው አስባ አፈረች።

በማግሥቱ ደባርቅ ስትደርስ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። በሚኒባሱ ውስጥ ሁሉን ነገር ወስናለች፤ ገና ስትጀምር ጥናቴ ስህተት አለበት ትላለች። አዳራሹ በር ላይ ግን አማካሪዋ ቆሞ አገኘችው። ለአንዱ ኃላፊ «ምርጥ ተማሪዬ ናት» ይላል። ውስጥ ስትገባ ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ጥምጥም አየች። ቄስ መልከ ጼዴቅ ናቸው። አጠገባቸው በለጠች በጥቁሯ ተቀምጣለች፤ ከየመንደሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይምጡ ተብሎ ነው። ጎሕ ሳይቀድ በእግር ወጥተው ነው የደረሱት።

ቄሱ እንዳዩዋት ፊታቸው ፈካ። «የየኔታ ልጅ ስታስተምር ልሰማ መጣሁ» አሉና መስቀላቸውን አወጡላት።

ተሳለመች። ከዚህ በኋላ ድፍረቷ ወዴት እንደሄደ እሷም አታውቅም። መድረክ ላይ ስትወጣ ልትለው የነበረውን ሁሉ ተወችው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ የእስከዳር አፍ ግን ጌታውን ከድቶ የተለማመደውን መናገር ጀመረ። ስለ ዕቅድ ዝግጅት፣ ስለ ጊዜ ሰሌዳ፣ ስለ ባለድርሻ አካላት አወራች። በመጨረሻ ውጤቱን የሚያሳየው ትልቅ ቀይ ክብ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ሙሉ ለሙሉ ሊሆን ትንሽ የቀረው ክብ፣ «ኅብረተሰቡ» ተብሎ የተጻፈበት። ቄስ መልከ ጼዴቅ ክቡን በደንብ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። ማንበብ ይችላሉ። አንብበውም ዓይናቸውን ወደ መሬት አወረዱ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እሳቸውም ትንሽ ዘግይተው አጨበጨቡ። እስከዳር ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ዘመነ ማይክራፎኑን ተቀበሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቶሎ ወስኖ ወደ ምሳ መሄድ የሚወዱ ሰው ናቸው። «እንግዲህ ሳይንሱ ተናግሯል» አሉ። «ሥራውን የሚያዘገየው ተጠቃሚው ራሱ ከሆነ፣ የግራር አምባን ድልድይ ለሚተጋ ሕዝብ ብንሰጠው የተሻለ ይሆናል። የቀረውን ብረትና በጀት ወደ ሌላ ወረዳ እናዞራለን። ተቃውሞ አለ?»

ተቃውሞ አልነበረም። የግራር አምባ ሰዎች እንደሆኑ እንግዳ ሆነው በመጡበት ቤት ተነስተው አይከራከሩም። ሌላ ክረምት መጣ ማለት ነው፤ ከዚያም ሌላ።

እስከዳር ተነሳች። 

«ይቅርታ፣ አቶ ዘመነ። ጥናቱ... ጥናቱ ትክክል አይደለም።»

«የትኛው ጥናት? አሁን ያቀረብሽው?»

«አዎ። አጠያየቄ ላይ ስህተት አለ። ሰዎቹ የመለሱልኝ...» አማካሪዋን አየችው፤ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጓል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። «የመለሱልኝ መልስ አልነበረም» አለች። ይህ ደግሞ ለሰሚው ግራ ነው፤ ሳቁ ጨመረ። አቶ ዘመነ ሰዓታቸውን አዩ። እስከዳር የምትለው ጠፍቶባት በሰው መሃል ብቻዋን ቆመች።

ቄስ መልከ ጼዴቅ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሱ። የመምህራቸው ልጅ በሸንጎ ፊት ስታፍር ዝም ብለው ሊያዩ አልቻሉም።

«ልጃችን አልተሳሳተችም» አሉ ጎላ ባለ ድምፅ። «የጠየቀችንን ነው የጻፈችው። ጥፋቱ የኛ ነው።»

አቶ ዘመነ እጃቸውን ዘረጉ። «ይኸው። ከራሳቸው አንደበት።»

ቄሱ ግን አልተቀመጡም። እስከዳርን እያዩ ዝም አሉ። ያው የዚያን ቀኑ ዝምታ ነው፤ የመደቡ፣ የጠላው፣ የቆሎው። ድልድያቸውን ለእሷ ፊት ሲሉ ሊሰጡ ነው፤ ሰጥተውም አሁንም ይጠብቋታል። እንዲህ ያለ ሀፍረት ከዚያ በፊት አልደረሰባትም። ሲስቁባት የተሰማት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጨዋታ ነበር።

«የለም፣ አባ» አለች። ድምፅዋ ሰለለ፤ ደግማ አለችው። «የለም። ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎ በር ከፍተው ቢጠብቁኝ ጽፌ ሄድኩ። ደጃችሁ ድረስ መጥቼ ጥፋቱን አሸክሜያችሁ ሄድኩ። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ወጉን ረሳሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

 በአዳራሹ ካሉት የዚህ አገር ልጅ ያልሆነ ጥቂት ነውና የሆነው ነገር ለብዙዎቹ ገባቸው፤ አንዳንዱም ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። የቄሱ ትከሻ ወረድ አለ፣ ሸክም ያወረዱ ያህል።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። እንግዲያው እንነጋገር» አሉ።

ተናገሩ። የማንንም ስም አልጠሩም፣ ማንንም አልከሰሱም፤ የሆነውን ብቻ በሆነበት ተራ አስቀመጡት። ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ መንደሩ በደቦ ድንጋይ ጠርቦ ወንዝ ዳር እንደከመረ፣ አሸዋውን በአህያና በበቅሎ እንዳጓጓዘ ነገሯቸው። ሰኔ ሲያልቅ፣ ዝናቡ ሲይዝ፣ መኪና ሲሚንቶ ይዞ እንደመጣ፣ ወንዙን መሻገር አቅቶት ከማዶ በላስቲክ ሸፍኖ አራግፎት እንደሄደ፤ መስከረም ላይ ላስቲኩን ሲገልጡት ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆኖ እንዳገኙት ተናገሩ። «ካቻምናም እንዲያ ሆነ፣ አምናም እንዲያ ሆነ» አሉ። «በበጋ እንጠብቀዋለን፤ እሱ ግን ከዝናብ ጋር ይመጣል። ጊዜውን የሚያውቀው የላከው ነውና እኛ አንፈርድም።»

አቶ ዘመነ ብዕራቸውን አስቀመጡ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ ላይ ሲዘጋ የተረፈው ገንዘብ እንዳይመለስ የሚገዛውን ሲሚንቶ ማን ፈርሞ እንደሚልከው ያውቃሉ፤ ፊርማው የሳቸው ነው። ቄሱ ዝም ብለው አዩዋቸው። ለሳቸውም በሩ ተከፍቶ ነበር።

«ይጣራል» አሉ አቶ ዘመነ። ባለቤት የሌለው ግስ መንግሥት ቤት እጅግ ይወደዳል። ጥቂት ቆይተው ግን «ድልድዩ ከቦታው አይነሳም» ብለው ጨመሩ። «ጥናቱ እንደገና ይሠራ። ግዢውም ከመስከረም በኋላ ይሁን።» ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። የመጪው ክረምት ግን ያለ ድልድይ መሆኑ ነው።

ሰዉ ወደ ምሳ ሲወጣ አማካሪዋ በአጠገቧ አለፈ፤ አላናገራትም። እስከዳር ወደ ቄሱ ሄደች። በለጠች አሁንም ወንበሯ ላይ ናት፤ ከግድግዳው ያልጠፋውን ቀይ ክብ ታያለች።

«አባ፣ እትዬ በለጠች የምታዝነው ለማን ነው?»

ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለጽጌሬዳ ነው፣ ለልጇ። እዚሁ ደባርቅ ትማር ነበር። ባለፈው ነሐሴ ለፍልሰታ ፍቺ ነይ ብላ ላከችባት። ልጅቱ የእናቷን ቃል አክብራ መጣች፤ እብድ ውሃ ወሰዳት።»

እስከዳር ዞር ብላ በለጠችን አየቻት።

«እሷ ጥፋቱ የኔ ነው ስትል እንደኛ ወጉን አይደለም» አሉ ቄሱ። «ከልቧ ነው። መንደሩ ሁሉ የለም ብሏታል፣ እኔም በንስሐዋ የለም ብያታለሁ። ከኛ አትቀበልም። ድልድዩን የምንሠራ እኛ አይደለንማ።»

እስከዳር የበለጠችን መጠይቅ አስታወሰች። አንዲት እናት ልጄን የገደልኩ እኔ ነኝ ስትላት «የኅብረተሰቡ» ብላ ምልክት አድርጋበታለች። ከዚያ ባልየውን አይታ «ያገባች» ብላለች። ያ ምልክት ከሌላው ጋር ተደምሮ አሁን ግድግዳው ላይ ከቀዩ ክብ ውስጥ አለ። ላፕቶፕዋ መድረኩ ላይ ክፍት እንደሆነ ነበርና ሄዳ ዘጋችው።

በለጠች ፊት መጥታ ጎንበስ አለች። 

«እትዬ በለጠች፣ ያን ቀን ጥፋቱ የኔ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ብያለሁ።»

«የለም። የእርስዎ አይደለም። የኛ ነው፤ ሠርተን መስጠት ሲገባን ያልሠራነው የኛ።»

በለጠች ረጅም ጊዜ አየቻት። አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ስትጠመጥም ቆየችና ለቀቀችው።

«ይኼን የሚለኝ ሰው ከነሐሴ ጀምሬ ስጠብቅ ነበር» አለች። «ያኔ ወረቀት ይዘሽ ደጄ ስትመጪ፣ ልትዪኝ የመጣሽ መስሎኝ ነበር።»

እስከዳር ቀና ማለት አልቻለችም።